ኦፕንኮኔክት፦ የሲኤስዲ ፍተሻ ስክሪፕት አይነሳም፤ «ኖ ሰች ፋይል» ይላል፣ ፋይሉ ግን አለ

ገሊላ_ኔት · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:20

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የቪፒኤን ክላየንቱ ኦፕንኮኔክት (ከመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ጋር በርቀት የሚያገናኘኝ ፕሮግራም) የደኅንነት ፍተሻ (ሲኤስዲ) ስክሪፕቱን ማስነሳት አቅቶታል። ያለኝን መረጃ በሙሉ አስቀምጣለሁ።

ማሽኑ ኡቡንቱ 22.04፣ 64 ቢት። ክላየንቱ ከኡቡንቱ ማከማቻ የተጫነው ኦፕንኮኔክት። ሰርቨሩ የሲስኮ ኤኤስኤ (የቪፒኤን መግቢያ መሣሪያ) ሲሆን የይለፍ ቃል ከመጠየቁ በፊት የማሽኑን ሁኔታ የሚያይ የሆስትስካን ፍተሻ ይፈልጋል። ስክሪፕቱ ከኦፕንኮኔክት ጋር የሚመጣው «ሲኤስዲ-ፖስት» ነው፤ ሪፖርቱ ላይ ሁለት መስመር ለመጨመር በዊንዶውስ ኮምፒውተር ከፍቼ አስተካክዬዋለሁ።

ትእዛዙ («ሲኤስዲ-ዩዘር» ስክሪፕቱ በማን ስም እንደሚነሳ፣ «ሲኤስዲ-ራፐር» የትኛው ስክሪፕት እንደሚነሳ ይናገራል)፦

ሱዶ ኦፕንኮኔክት --ሲኤስዲ-ዩዘር=ገሊላ --ሲኤስዲ-ራፐር=/ሆም/ገሊላ/ቪፒኤን/ሲኤስዲ-ፖስት.ኤስኤች [የሰርቨሩ አድራሻ]

የሚመልሰው፦

«ፌይልድ ቱ ኤግዜክ ሲኤስዲ ስክሪፕት፦ ኖ ሰች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ» (ስክሪፕቱን ማስነሳት አልተቻለም፤ እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም)

ቀጥሎ ስክሪፕቱ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር (1) እንደመለሰ ይናገርና በየሴኮንዱ የመጠበቂያ ገጹን ሪፍሬሽ እያደረገ ይቀመጣል። መጨረሻ የለውም።

ፋይሉ ቦታው ላይ ነው። አድራሻውን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ፈቃዱም 755 ነው (ሁሉም ያነበዋል፣ ያስነሳዋል፤ የሚቀይረው ባለቤቱ ብቻ)። ራፐሩን ካላስገባሁ ደግሞ ሰርቨሩ ፍተሻ ስለጠየቀ ተስማሚ ራፐር ስጠኝ ብሎ ያቆማል። ምን ቀረኝ?

---

ሳባ_ሲስአድሚን · ሰኞ፣ 3:48

እህቴ፣ መልእክቱ ያሳሳተሽ ስለ ስክሪፕቱ የሚናገር ስለሚመስል ነው። የጠፋው ስክሪፕቱን የሚያነበው ፕሮግራም ነው።

ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ስክሪፕት ሲያስነሳ የመጀመሪያውን መስመር፣ ሼባንጉን ያነባል፤ እዚያ የተጻፈውን ፕሮግራም ፈልጎ ፋይሉን ለእሱ ያስረክባል። ፋይሉ በዊንዶውስ ኤዲተር ከተቀመጠ እያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ከአዲስ መስመር ምልክቱ (10) በፊት የማይታይ የመመለሻ ምልክት (13) ይገባል። ከርነሉም «/ቢን/ባሽ» የሚባለውን ፕሮግራም ሳይሆን ስሙ በዚያ በማይታይ ምልክት የሚያልቅ ሌላ ፕሮግራም ይፈልጋል። እንደዚያ የሚባል ነገር ስለሌለ «ኖ ሰች ፋይል» ይላል።

በዓይን አይለይም፣ በቁጥር አውጪው። የፋይሉን የመጀመሪያ 13 ባይት፦

ሄድ -ሲ 13 ሲኤስዲ-ፖስት.ኤስኤች | ኦዲ -ኤኤን -ቲዩ1

(«ኤኤን» ላይ የመጀመሪያዋ ፊደል ትልቋ ናት።) ሼባንጉ «#!/ቢን/ባሽ» ከሆነ 11 ባይት ነው። ጤናማው ፋይል እንዲህ ይጀምራል፦

35 33 47 98 105 110 47 98 97 115 104 10

የተበላሸው ደግሞ 104 ካለ በኋላ 13 10 ያሳያል። ያንን ካየሽ «ዶስ2ዩኒክስ» ጭነሽ ፋይሉ ላይ አንድ ጊዜ ማስኬድ ይበቃል።

---

ቀጥታ_መስመር · ሰኞ፣ 4:05

በሳባ መልስ ላይ አንድ ልጨምር። ሼባንጉ በ«/ዩኤስአር/ቢን/ኤንቭ» የሚጀምር ዓይነት ከሆነ ያው በሽታ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። ኤንቭ ራሱ ስለሚገኝ ስክሪፕቱ ይነሳል፤ ከዚያ ኤንቭ ባሽን ሲፈልግ ያጣና 127 መልሶ ይወጣል። ስለዚህ በ1 የወጣውና በ127 የወጣው ሁለት የተለያየ ችግር መስሎ አንድ ሊሆን ይችላል።

አንዳንዱ ሰው ባሽን በግድ እናስገባ ብሎ ለራፐር አማራጩ «ባሽ ክፍት ቦታ የፋይሉ አድራሻ» ብሎ ይጽፋል። አይሠራም። አማራጩ የሚቀበለው የአንድ ፋይል አድራሻ ብቻ ነው። ክፍት ቦታውን ጨምሮ ሁሉንም እንደ አንድ የፋይል ስም ይወስደዋል።

---

ገሊላ_ኔት · ሰኞ፣ 5:30

አመሰግናለሁ። በእርግጥ 13 10 ነበር። ዊንዶውሱ ላይ መልሼ ከፈትኩትና የመስመር መጨረሻውን ወደ ዩኒክስ ቀይሬ አስቀመጥኩት። አሁን ስሕተቱ ተቀየረ፦

«ፌይልድ ቱ ኤግዜክ ሲኤስዲ ስክሪፕት፦ ኤግዜክ ፎርማት ኤረር»

የገረመኝ፣ ያንኑ ፋይል ከተርሚናል በቀጥታ ስጠራው ይነሳል። መጀመሪያ ላይ አንድ መስመር ስሕተት ይጽፍና ይቀጥላል። ከኦፕንኮኔክት በኩል ግን ጭራሽ አይነሳም።

---

ሳባ_ሲስአድሚን · ሰኞ፣ 5:41

ያንኑ የባይት ትእዛዝ ድገሚው። 239 187 191 ብሎ ከጀመረ ኤዲተሩ «ዩቲኤፍ-8 ከቦም ጋር» አድርጎ አስቀምጦታል ማለት ነው። ቦም ፋይሉ አናት ላይ የሚለጠፍ የ3 ባይት ምልክት ነው። ከርነሉ ስክሪፕት መሆኑን የሚያውቀው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች 35 እና 33 ሲሆኑ ብቻ ነው። ከፊታቸው ሌላ ነገር ካለ «ይህን ዓይነት ፋይል አላውቅም» ይላል፤ ኤግዜክ ፎርማት ኤረር ያ ነው።

ከተርሚናል የሠራበት ምክንያት ይኸውልሽ። ባሽ አንድን ፋይል ከርነሉ ሲመልስበት «ምናልባት የሼል ስክሪፕት ይሆናል» ብሎ ራሱ ያነበዋል። ያየሽው አንድ መስመር ስሕተት ባሽ ያን ቦም የተለጠፈበትን መስመር እንደ ትእዛዝ ቆጥሮት ነው። ኦፕንኮኔክት ግን ከርነሉን በቀጥታ ስለሚጠይቅ ያ ሁለተኛ ዕድል የለውም። ሼባንግ ጨርሶ የሌለው ስክሪፕትም በዚሁ ምክንያት ከተርሚናል ይነሳል፣ ከክላየንቱ አይነሳም። ከዚህ የተነሳ «ከተርሚናል ይሠራል» የሚለው ማስረጃ ለዚህ ጉዳይ አይበቃም።

ዶስ2ዩኒክስ ሁለቱንም፣ 13ቱንም ቦሙንም ያነሳል። ከዚህ በኋላ ፋይሉን ናኖ ወይም ቪም ላይ፣ ሊኑክሱ ውስጥ ብቻ አስተካክዪ።

---

ኩነኔ_የለም · ሰኞ፣ 6:15

እኔ ብሆን «ሲኤስዲ-ዩዘር» የሚለውን አውጥቼ በሩት (ሁሉ በተፈቀደለት የአስተዳዳሪ ስም) አስነሳው ነበር። የፈቃድ ችግር ሁሉ በአንዴ ይጠፋል።

---

ቀጥታ_መስመር · ሰኞ፣ 6:32

ወንድሜ፣ ይህን ምክር አንባቢ እንዳይወስደው እለምናለሁ። ገሊላ ካየቻቸው ስሕተቶች አንዳቸውም የፈቃድ አልነበሩም፣ ሩት ብትሆንም አይፈቱም። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው።

የፍተሻው አሠራር በመሠረቱ ሰርቨሩ የላከውን ወይም የጠየቀውን ፕሮግራም በአንተ ማሽን ላይ ማስኬድ ነው። የኦፕንኮኔክት ሰነድ ራሱ «ትሮጃን» ብሎ የሚጠራው ለዚህ ነው፤ ያለ ሲኤስዲ-ዩዘር በሩት ሲነሳም ያስጠነቅቃል። በገሊላ ትእዛዝ ላይ ደግሞ ስክሪፕቱ ያለው በሆም ፎልደር ውስጥ ነው። በእሷ ስም የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም፣ የብራውዘር ተጨማሪም ቢሆን፣ ያን ፋይል ሊቀይረው ይችላል። በሩት ስታስነሳው ለዚያ ሁሉ የሩት ቁልፍ ሰጠህ ማለት ነው።

በሩት ያስነሳ ሰው ሌላ ጣጣም ይገጥመዋል። እውነተኛውን ሆስትስካን የሚያወርደው ሁለተኛው ስክሪፕት፣ ከአማራጩ ጋር ስም የሚጋራው የ«ሲኤስዲ-ራፐር» ፋይል፣ ያወረደውን በሆም ሥር «.ሲስኮ/ሆስትስካን» ውስጥ ያስቀምጣል። አንድ ቀን በሩት ከተነሳና ሆም የተጠቃሚው እንደሆነ ከቀረ፣ ፋይሎቹ የሩት ንብረት ሆነው ይቀራሉ። በማግሥቱ በትክክል በሲኤስዲ-ዩዘር ሲነሳ «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ የለህም) ይላል፤ ሰውም ተስፋ ቆርጦ ወደ ሩት ይመለሳል። መፍትሔው የዚያን ፎልደር ባለቤትነት ወደ ተጠቃሚው መመለስ ወይም ፎልደሩን አጥፍቶ እንደገና እንዲወርድ መተው ነው።

ደህናው አቀማመጥ እንዲህ ነው፦ ስክሪፕቱን «/ዩኤስአር/ሎካል/ቢን» ውስጥ አድርገው፣ ባለቤቱ ሩት ይሁን፣ ፈቃዱ 755፣ የሚነሳው ግን በተራ ተጠቃሚ ስም። ተጠቃሚው ያነበዋል፣ ያስነሳዋል፣ ሊቀይረው ግን አይችልም። ከፓኬጁ ጋር የመጣውን ዋናውን ፋይል አትንካው፣ ቅጂ ውሰድ፤ ማሻሻያ ሲመጣ ዋናው ይጻፍበታል። የት እንዳለ ካላወቅህ «ዲፒኬጂ» በትልቁ ኤል የኦፕንኮኔክትን ፋይሎች ይዘረዝርልሃል።

---

ዳዊት_64ቢት · ሰኞ፣ 7:10

ለሲኤስዲ ብቻ የተለየ ተጠቃሚ መክፈት ለሚፈልግ ሦስት ነገር ልብ በሉ። ኦፕንኮኔክት ወደዚያ ተጠቃሚ ሲቀየር ሆሙንም ይቀይራል፣ ወደዚያ ፎልደርም ይገባል፤ ፎልደሩ ከሌለ እዚያው ይወድቃል። ስለዚህ ሆም ፍጠሩለት። የመግቢያ ሼሉ «ኖሎግኢን» ቢሆን ምንም አይደለም፣ ሼሉ አይጠራም። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው፦ ከኡቡንቱ 21.04 ወዲህ አዲስ የሚከፈት የሆም ፎልደር ፈቃዱ 750 ነው። ስክሪፕቱ በእናንተ ሆም ውስጥ ሆኖ የሚነሳው በሌላ ተጠቃሚ ከሆነ፣ ፋይሉ 755 ቢሆንም እንኳ በሩ ስለተዘጋ አይደርስበትም። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ያያችሁ ሰዎች ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ከላዩ ያሉትን ፎልደሮች በሙሉ እዩ። «ኔምአይ -ኤል» ከአድራሻው ጋር ስትጽፉት የእያንዳንዱን ደረጃ ፈቃድ በአንድ ገጽ ያሳያል።

ፈቃዱ ሁሉ ትክክል ሆኖ አሁንም ከከለከለ ዲስኩ «ኖኤግዜክ» (ፕሮግራም ማስነሳት የተከለከለበት) ተብሎ ማውንት ተደርጎ እንደሆነ ተመልከቱ። የቴምፕ ፎልደር ላይ ይህ የተለመደ የጥንቃቄ እርምጃ ነው፤ ስክሪፕት እዚያ አታስቀምጡ።

---

ገሊላ_ኔት · ሰኞ፣ 8:55

ቦም ነበር፣ 239 187 191። ዶስ2ዩኒክስ አነሳው። ስክሪፕቱንም ወደ /ዩኤስአር/ሎካል/ቢን ወሰድኩት፣ ባለቤቱ ሩት፣ 755።

አሁን ስክሪፕቱ ይነሳል፤ ኦፕንኮኔክትም «ኮምፕሊትድ ሰክሰስፉሊ» ይላል። ግን የመጠበቂያ ገጹ ሪፍሬሽ አሁንም አይቆምም። «ተሳካ» እያለ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

---

ሳባ_ሲስአድሚን · ሰኞ፣ 9:20

«ተሳካ» ያለው ኦፕንኮኔክት ነው፣ ሰርቨሩ አይደለም። ኦፕንኮኔክት የሚያየው ስክሪፕቱ በ0 መውጣቱን ብቻ ነው። ቅጂሽን ወደ ታች ብታዪው የመጨረሻው መስመር «ኤግዚት 0» ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ያለው ሁሉ ቢወድቅም 0 ይመልሳል።

ስክሪፕቱ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ኦፕንኮኔክት ቲኬትና ስተብ የሚባሉ ቁጥሮችን ከትእዛዙ ጋር ይሰጠዋል፤ የሰርቨሩን ስምና የሰርተፊኬቱን የቁልፍ አሻራ ደግሞ በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል። ስክሪፕቱ በከርል (ከሰርቨር ጋር በድር የሚነጋገር ፕሮግራም) ወደ ሰርቨሩ ሄዶ ቲኬቱን በቶከን ይቀይራል። ከመጣው ኤክስኤምኤል ውስጥ ቶከኑን የሚያወጣው ኤክስኤምኤልስታርሌት ነው። ከዚያ የማሽኑን መረጃ በጊዜያዊ ፋይል ጽፎ፣ ቶከኑን ኩኪ አድርጎ፣ ሪፖርቱን ይልካል። ሰርቨሩ «ቶከን_ሰክሰስ» ብሎ ሲመልስ ብቻ የመጠበቂያ ገጹ ያልፋል። ቶከኑ ባዶ ከሆነ ሪፖርቱ የማን እንደሆነ ሰርቨሩ አያውቅም፤ ዝም ይላል፣ ኦፕንኮኔክትም ይጠብቃል።

ስለዚህ ከመገመት ስክሪፕቱን አናግሪው። ከሼባንጉ ሥር እነዚህን ሁለት መስመሮች ጨምሪ፦

ኤግዜክ 2>>"$ሆም/ሲኤስዲ.ሎግ"
ሴት -ኤክስ

ከርሉ «-ኤስ» ተብሎ ከተጻፈ ስሕተቱንም ስለሚደብቅ ከጎኑ ትልቁን ኤስ ጨምሪበት፤ ያኔ ሲወድቅ ምክንያቱን ይናገራል። አንዴ ሞክሪና ሎጉን አምጪ። እባክሽ ቲኬቱን፣ ቶከኑንና የሰርቨሩን ስም ሰርዘሽ ነው የምታመጪው። ቶከኑ ለሰዓቱ የአንቺን ክፍለ ጊዜ የሚከፍት ቁልፍ ነው።

---

ሰሜን_ኬብል · ሰኞ፣ 9:44

ሎጉ ላይ ይህን ፈልጊ።

ኤክስኤምኤልስታርሌት ካልተጫነ ስክሪፕቱ በማስጠንቀቂያ ብቻ አልፎ ባዶ ቶከን ይዞ ሊቀጥል ይችላል። ኡቡንቱ ላይ በራሱ አይመጣም፣ በአፕት ጫኚው።

ከርል ከስናፕ (ከአፕት ሌላ ከሆነው የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ) የተጫነ ከሆነ የስናፕ ፕሮግራሞች የራሳቸው የተለየ የቴምፕ ፎልደር ነው የሚያዩት። ስክሪፕቱ ሪፖርቱን በዋናው ቴምፕ ይጽፋል፣ ከርል ደግሞ እዚያ ፋይሉን አያገኘውም፤ ባዶ ሪፖርት ሊልክም ይችላል። የስናፑን አጥፍቶ የአፕቱን መጫን ነው።

የከርል መውጫ ቁጥሮች፦ 5 ፕሮክሲው (መሐል ያለው አስተላላፊ ሰርቨር) አልተገኘም፣ 6 የሰርቨሩ ስም አልተፈታም፣ 7 መገናኘት አልተቻለም፣ 28 ጊዜው አለፈ፣ 90 የሰርቨሩ ቁልፍ ከተሰጠው አሻራ ጋር አልገጠመም። 90 ካየሽ ቆም በዪ። ኦፕንኮኔክት ያነጋገረው ሰርቨርና ከርል ያነጋገረው አንድ አይደሉም ማለት ነው። ወይ መሐል ላይ የተመሰጠረውን የሚከፍት ፕሮክሲ አለ፣ ወይም አንድ ስም ለብዙ ሰርቨሮች ተሰጥቶ ሁለቱ ጥሪዎች ወደተለያየ ሰርቨር ሄደዋል። አሻራውን ማረጋገጥ የሚያጠፋ መፍትሔ ማንም ቢሰጥሽ አትቀበዪ። ለብዙ ሰርቨር ጉዳይ ከርልም ኦፕንኮኔክትም «--ሪዞልቭ» የሚል አማራጭ አላቸው፤ ስሙን በሁለቱም በኩል ከአንድ አይፒ ጋር ማሰር ይቻላል።

---

ገሊላ_ኔት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

ሎጉን አየሁ። የመጀመሪያው የከርል ጥሪ በ5 ወድቋል፣ «ኩድ ኖት ሪዞልቭ ፕሮክሲ»። ቶከኑም ባዶ ነው። ግን ፕሮክሲ የለኝም። በኢንቫይሮንመንቱ ውስጥ ስፈልግ ምንም የለም፣ ሱዶም እንዲህ ያሉትን ቫሪያብሎች ያጠራል።

---

ሳባ_ሲስአድሚን · ሰኞ፣ 1:28

በሆምሽ ውስጥ «.ከርልአርሲ» የሚባል ፋይል አለ? ከርል በተነሳ ቁጥር ያነበዋል። ሲኤስዲ-ዩዘር ሆምን ወደ አንቺ ስለሚመልሰው፣ ሱዶ ያጠራው ፕሮክሲ በዚህ በኩል ተመልሶ ይገባል። ኦፕንኮኔክት ራሱ ይህን ፋይል አያውቀውም፤ ስለዚህ እሱ ሰርቨሩን ያገኛል፣ ስክሪፕቱ ግን አያገኝም።

ፋይሉን ማጥፋት ግድ አይደለም። ስክሪፕቱ ውስጥ ከርል በተጠራበት ቦታ ሁሉ ከስሙ ቀጥሎ፣ ከሌላው አማራጭ ሁሉ በፊት «-ኪው» ጻፊ። ፋይሉን እንዳያነብ የሚከለክለው በመጀመሪያ ቦታ ሲሆን ብቻ ነው፤ ወደኋላ ከገባ አይሠራም።

---

ገሊላ_ኔት · ሰኞ፣ 1:50

አለ! የድሮ የፕሮክሲ መስመር ነበረበት። «-ኪው»ን በሁለቱም ጥሪዎች ላይ አስገባሁ። ቶከን_ሰክሰስ መጣ፣ የመጠበቂያ ገጹ በሁለተኛው ሪፍሬሽ አለፈ፣ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ።

ከዚያ ግን ሰርቨሩ «የማሽንዎ ሁኔታ ከመመሪያው ጋር አይስማማም» በሚል ዓይነት መልእክት አስወጣኝ።

---

ኩነኔ_የለም · ሰኞ፣ 2:02

ሪፖርቱ ላይ አንቲቫይረስ አለ፣ ፋየርዎልም በርቷል ብለሽ ጻፊና ያልፋል። ጽሑፍ ብቻ ነው።

---

ቀጥታ_መስመር · ሰኞ፣ 2:25

ጽሑፍ መሆኑ እውነት ነው፤ ሰርቨሩ የተላከለትን ያምናል። ለዚያም ነው ውሸት መጻፍ የሌለብን። ከዚያ ሪፖርት ጀርባ የአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ አለ። ፋየርዎል ሳይኖር አለ ብለሽ የገባሽ ቀን ችግር ቢፈጠር፣ ተጠያቂው የሐሰት ሪፖርት የላከው ሰው ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት ከሥራ የሚያስወጣ ጥፋት ነው።

ገሊላ፣ መጀመሪያ የጎደለው እውነተኛ ነገር ነው ወይስ የአጻጻፍ ስሕተት ብለሽ ለዪ። ሪፖርቱ በየመስመሩ «ኢንድፖይንት» ብሎ የሚጀምር ስም፣ እኩል ይሆናል፣ በጥቅስ ውስጥ ያለ ዋጋ፣ መጨረሻ ላይ ሴሚኮለን ነው። የጨመርሻቸው ሁለት መስመሮች በዊንዶውስ ተጽፈው ከነበረ ጥቅሶቹ የተጠማዘዙ ሆነው ሊሆን ይችላል፤ ቀጥ ያሉ መሆን አለባቸው። ሴሚኮለን መኖሩንም እዪ። ሪፖርቱ በሂርዶክ (ስክሪፕቱ ውስጥ በመክፈቻና በመዝጊያ ቃል የታጠረ ጽሑፍ) ውስጥ ስለሚጻፍ የዶላር ምልክት የያዘ ነገር ሁሉ በባሽ ይተረጎማል፣ መዝጊያው ቃል ደግሞ ብቻውን በመስመሩ ላይ፣ ከኋላው ክፍት ቦታ ሳይኖር መቆም አለበት።

አጻጻፉ ትክክል ከሆነ የኔትወርክ አስተዳዳሪዎችሽ ጋር ደውሎ መነጋገር ነው። ኤኤስኤው ላይ «ዲባግ ዳፕ ትሬስ» ቢያበሩ ከአንቺ ማሽን የመጣውን እያንዳንዱን መረጃና የትኛው የመመሪያ መስመር እንደጣለው በግልጽ ያያሉ። ብዙ ጊዜ መመሪያው የተጻፈው ለዊንዶውስ ብቻ ሆኖ ሊኑክስ ጨርሶ ተረስቶ ይገኛል። ያን የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅባቸውም።

አንዳንድ የሲኤስዲ-ፖስት ቅጂዎች ደግሞ ፋየርዎሉ በርቷል የሚል መስመር በቋሚ ጽሑፍ ይዘው ነው የሚመጡት። እኔ እንደዚያ አልተወውም፣ እውነቱን አንብቦ እንዲጽፍ አደርገዋለሁ። የዩኤፍደብልዩ (የኡቡንቱ ፋየርዎል) ሁኔታ መጠየቂያ ትእዛዝ ሩት ይፈልጋል፣ ስክሪፕቱ ደግሞ ሩት አይደለም። ግን «/ኢቲሲ/ዩኤፍደብልዩ/ዩኤፍደብልዩ.ኮንፍ» ውስጥ «ኢኔብልድ=የስ» መኖሩን በግሬፕ ማየት ይቻላል። ካለ መስመሩን ጻፍ፣ ከሌለ አትጻፍ። አራት መስመር ነው የሚጨምረው።

---

የባሕረ_ሰላጤ_ሰው · ሰኞ፣ 2:40

ይቅርታ፣ የእኔ ሰርቨር ግሎባልፕሮቴክት (ሌላ ዓይነት ቪፒኤን) ነው፣ የፍተሻ ስክሪፕቱም «ሂፕሪፖርት»። ይህ ሁሉ ለእኔም ይሠራል? ገሊላ የተነገራትን የሎግ መስመር አስገብቼ ነበር፤ «ኤኮ» የሚል ጨምሬበትም ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩ ሪፖርቱን አልቀበልም ይላል።

---

ሰሜን_ኬብል · ሰኞ፣ 2:58

የሼባንጉ፣ የቦሙና የፈቃዱ ጉዳይ አንድ ነው። የሚለየው ሪፖርቱ የሚሄድበት መንገድ ነው። ሂፕሪፖርት ራሱ ምንም አይልክም። ኤክስኤምኤሉን በስታንዳርድ አውትፑት ያወጣል፣ ኦፕንኮኔክት ያን ተቀብሎ ይልካል። የአንተ ኤኮ ያወጣው ቃል ኤክስኤምኤሉ ውስጥ ገብቶ አበላሸው። ለራስህ የምትጽፈውን ሁሉ ከኤኮው ኋላ «>&2» አድርገህ ወደ ስሕተት መስመር ላከው። ኦፕንኮኔክት ሪፖርቱ ስንት ባይት እንደሆነ ይጽፋል፤ ቁጥሩ 0 ከሆነ ስክሪፕቱ ከኤክስኤምኤሉ በፊት ወጥቷል።

ሌላው ልዩነት፣ ይህ ስክሪፕት አንድ ጊዜ ተነስቶ አያበቃም። ቪፒኤኑ ክፍት እስካለ በየጊዜው፣ ብዙውን ጊዜ በየ1 ሰዓቱ ይደገማል። ጠዋት ተገናኝቶ ከሰዓት በኋላ ድንገት የውስጥ ሰርቨሮች የሚጠፉበት ሰው መጀመሪያ የሁለተኛውን ዙር ሎግ ይይ።

---

ዳዊት_64ቢት · ሰኞ፣ 3:10

ገሊላ፣ አንድ የማቀልልሽ ነገር አለ። ኤኤስኤ ላይ ፍተሻው የሚካሄደው በመግቢያው ደረጃ ስለሆነ ያን ደረጃ ያለ ሱዶ መጨረስ ትችያለሽ። ኦፕንኮኔክትን በራስሽ ስም «--ኦተንቲኬት» ብለሽ ስታስነሺው ፍተሻውንና የይለፍ ቃሉን ጨርሶ ኩኪውን፣ የሰርቨሩን አድራሻና የቁልፉን አሻራ ይሰጥሻል። ከዚያ በሱዶ «--ኩኪ-ኦን-ኤስቲዲኢን» ብለሽ ኩኪውን ታስረክቢዋለሽ፣ አሻራውን ደግሞ በ«--ሰርቨርሰርት»። እንዲህ ሲሆን ስክሪፕቱ ከሩት ጋር ጭራሽ አይገናኝም፣ ሲኤስዲ-ዩዘርም አያስፈልግም። ለግሎባልፕሮቴክቱ ወንድማችን ግን ይህ አይበቃውም፤ የሂፕ ፍተሻው ከመግቢያ በኋላ ስለሆነ ሲኤስዲ-ዩዘር ለእሱ ግድ ነው።

በኔትወርክማናጀር በኩል የምትገናኙም፣ የመግቢያ መስኮቱ በእናንተ ስም ነው የሚነሳው። እዚያ ሲኤስዲን የሚፈቅደውን ሳጥን ምልክት አድርጋችሁ የራፐሩን ሙሉ አድራሻ ማስገባት ብቻ ነው።

---

ገሊላ_ኔት · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:35

ሁለቱም ነበረብኝ። ከጨመርኳቸው መስመሮች አንዱ ላይ ጥቅሱ የተጠማዘዘ ነበር፣ ዩኤፍደብልዩም አልበራም ነበር። አብርቼው ስክሪፕቱን ከኮንፍ ፋይሉ እንዲያነብ አደረግኩት። አስተዳዳሪዎቹም በትሬሱ አይተው የሊኑክስ መስመር በመመሪያቸው ላይ ጨመሩ። አሁን በዳዊት መንገድ፣ ያለ ሲኤስዲ-ዩዘር ይገናኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም።

---

ሳባ_ሲስአድሚን · ማክሰኞ፣ 4:50

ደስ ብሎኛል። ሁለቱን የሎግ መስመሮች ከስክሪፕቱ አውጪ፣ የሲኤስዲ.ሎግ ፋይሉንም አጥፊ፤ ቶከኖችሽ ተጽፈውበታል።